ከሰፈር ውጭ የቀሩትን ማን ይመልሳቸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኦሪት ዘኊልቍ በምዕራፍ 12 የሙሴ እኅት ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜ የሆነው ተጽፎ ይገኛል። ሙሴ ስለ እርስዋ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ልመናውም ተሰማ። ይሁን እንጂ ማርያም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተለይታ እንድትቆይ ታዘዘ። ይህን ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናስተውለው ቅጣቷን ነው። በመጨረሻው ያለችውን ትንሽ ነገር ግን እናልፋታለን፤ ይኸውም ማርያም እስክትመለስ ድረስ ያ ሁሉ ሕዝብ ጉዞውን አቁሞ መጠበቁ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ላሰብነው ጉዳይ መነሻ ያደረግነው ይህን ነው።

ጉዳዩም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ወይስ አይዘጉ፣ ከተዘጉስ በኋላ መቼ ይከፈቱ በማለት አባቶቻችንና እናቶቻችን ያደረጉት ክርክር ነው። ያን ጊዜ ከመካከላችን አብዛኞቻችን የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ክርክሩ ስለ እኛ ነበር፤ ነገር ግን እኛን የጠየቀን አልነበረም። ጓዳ ሆነን እንሰማ ነበር። ዛሬ ዕድሜያችን ከፍ ስላለ፣ ነገ ደግሞ ብዙዎቻችን ወላጆች መሆናችን ስለማይቀር፣ ያን ክርክር በቃለ እግዚአብሔር ብርሃን መመርመር ይገባናል እንላለን።

እንደሚታወሰው በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከቤታቸው ዋሉ። ዐሥራ አምስቱ ቀን ተራዘመ፤ ክረምቱ ገባ፤ ዘመን ተለወጠ። በሩ መከፈት የጀመረው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ በገጠር፣ ቀጥሎ በሌሎች ከተሞች፣ በመጨረሻም በአዲስ አበባ። ሰባት ወር ማለት ነው። በዓለም ላይም ከ190 በሚበልጡ አገሮች ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች በዚያው ወራት ትምህርታቸው ተቋርጦ ነበር። ኡጋንዳ ትምህርት ቤቶችዋን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ነው። ስዊድን ደግሞ የሕፃናቱን ትምህርት ቤቶች አልዘጋችም። ብዙ ሊቃውንትና ብዙ ሐኪሞች ያሏቸው መንግሥታት በአንድ ሐሳብ ካልተስማሙ፣ የእኛ ሰፈር ወላጆች መከራከራቸው ሊያስደንቀን አይገባም።

መሰብሰብ እስኪከለከል ድረስ በዕድርና በማኅበር፣ ከተከለከለም በኋላ በስልክና በአጥር ላይ ይከራከሩ ነበር። አንድ አባት፣ «ትምህርት ይደረስበታል፤ ነፍስ ግን አንድ ጊዜ ከወጣች በምን ትመለሳለች?» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። በአንድ ክፍል 60ና 70 ልጅ ተጣቦ ወደሚቀመጥበት፣ የቧንቧው ውኃ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ወደሚጠፋበት ትምህርት ቤት ልጅን መላክ ያስፈራል። ልጁ ምንም ባይሆን እንኳ ማታ የሚተኛው ከአያቱ ጎን ነው። አንዲት ጉሊት የሚውሉ እናት ደግሞ፣ «እኔ ገበያ ስውል ልጆቼን ማን ይይዝልኛል? ትምህርት ቤት ቢሆኑ መምህር ያያቸዋል፤ አሁን ግን መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ ይውላሉ። በሽታው መንገድ ላይ የለም ያላችሁ ማን ነው?» ብለው መለሱ። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባው በሰፊው የተጀመረው በዚያው ዓመት ነበርና፣ ለአንዳንዱ ልጅ የትምህርት ቤቱ መዘጋት የምሳው መዘጋት ነበር። በግል ትምህርት ቤቶችም ወላጅ «ላላስተማራችሁት ወር እንዴት እከፍላለሁ?» ሲል፣ መምህሩ «እኔስ ቤተሰቤን በምን ላስተዳድር?» ይል ነበር። ስለዚህኛው ክርክር ብዙ አንጽፍም፤ የገንዘብ ነገር ስለሆነ በየቤቱ ቅር እንዳለው የቀረ ሰው አለና።

እኛን ያሳዘነን በሐሳብ መለያየታቸው አልነበረም። ክርክሩ እየቆየ የሃይማኖት መለኪያ ሆነ። ልጁን ከቤት ያስቀረውን «እምነት የጎደለው፣ ሞትን የሚፈራ» ይሉት ጀመር። «ይከፈት» ያለችውንም እናት «ልጅዋን የማትወድ» አሏት። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 14 ስለ መብልና ስለ ቀን እርስ በርሳቸው ይናናቁ የነበሩትን ምእመናን እንዴት እንደገሠጸ የሚያውቁ ሰዎች፣ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በመጣ ጊዜ ተናናቁ።

«እግዚአብሔር የጠበቀውን በሽታ አይነካውም» የሚለው አነጋገር እውነት የሆነውን ያህል፣ ያለ ቦታው ሲነገር ግን ያስታል። ዲያብሎስ ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በነገረው ጊዜ የጠቀሰው የመዝሙር ቃል ነበር። ቃሉ እውነት ነው፤ አጠቃቀሙ ፈተና ነው። ጌታም ሊዘልል አልወደደም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የተጠረጠረውን ሰው ሰባት ቀን እንዲለየው፣ ካልጠራም ሌላ ሰባት ቀን እንዲጨምርበት ተጽፏል። መለየትን ያዘዘው እግዚአብሔር ራሱ ነው። እኛም ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. የዋለውን የትንሣኤን በዓል ብዙዎቻችን ከቤታችን ሆነን ያከበርነው አባቶች ስላዘዙን ነው። ያን ትእዛዝ የሰጡትን አባቶች እምነት የላቸውም ልንል ነውን?

ይሁን እንጂ ፍርሃትም ራሱን ጥበብ ብሎ የሚጠራበት ጊዜ አለ። መክሊቱን በምድር የቀበረው አገልጋይ ለጌታው ያቀረበው ምክንያት ፍርሃት ነበር። አልሰረቀም፤ አላባከነም፤ ቀበረ እንጂ። ብዙ ቤት «ልጆቹ ደኅና ናቸው» ተብሎ ከዚያ ወዲያ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲህ ያለ ነገር አይተዋል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የገባው ግሪፕ፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ በከተማይቱ የገደለው ሰው ቍጥር 10 ሺህ ያህል እንደሚደርስ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ቆሻሻ ሰብስበን ስናጥን የምናስበው እርሱን ነው። ያው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካን በመታ ጊዜ አብዛኞቹ ከተሞች ትምህርት ቤቶቻቸውን ሲዘጉ ኒው ዮርክና ቺካጎ አልዘጉም። የኒው ዮርክ የጤና ኃላፊ የነበሩት ሮያል ኮፕላንድ የሰጡት ምክንያት፣ ከልጆቹ ብዙዎቹ የሚኖሩት በተጨናነቀና ንጹሕ አየር በማይገባበት ቤት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ይሻላቸዋል፤ እዚያ መምህርና ነርስ በየቀኑ ያዩአቸዋል የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የጉሊቷ እናት ሐሳብ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት በባሕር ማዶ ተነግሮ የነበረ። ልዩነቱ ኮፕላንድ ነርሶች ነበሯቸው፤ እኛ ውኃ እንኳ አልነበረንም።

ስለዚህ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሩ መዘጋቱን እኛ አንነቅፍም። በሽታው ሕፃናትን ከአረጋውያን ይልቅ በጣም ጥቂት እንደሚጎዳ በዚያ ሳምንት በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ክትባት አልነበረም፤ በአገራችን መሰጠት የጀመረው ከዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ነው። በምርመራ ተረጋግጦ በተመዘገበው ብቻ ከ7,500 በላይ ወገኖቻችን በዚህ በሽታ አርፈዋል። ከእነርሱም መካከል በዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያስጠኑን አሉና፣ ነገሩን ቀላል አድርገን ልንጽፍ አንችልም። ነፍሳቸውን ይማር።

የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በሩ ሲዘጋ ዕዳው በማን ላይ ወደቀ? ሬዲዮና ቴሌቪዥን ትምህርት ያስተላልፉ ነበር፤ በየትምህርት ቤቱም የቤት ሥራ በቴሌግራም ይላክ ነበር። በአንድ ቤት አንድ ስልክ ካለ፣ እሱም ከአባት ጋር ሥራ ከዋለ፣ ሦስቱ ልጆች በምን ይማሩ? ኮረንቲ ባልገባበት ገጠርስ? ሁለት መጽሐፍና የሚያስጠናው ታላቅ ወንድም ያለው ልጅ ሰባቱን ወር አለፈው። የሌለው አላለፈውም። በገጠር ልጃገረዶችን «ትምህርቱ እንደሆነ ቀርቷል» እያሉ ያለ ዕድሜያቸው የዳሩ አሉ። ወንዶቹ ሊስትሮና ቆሎ አዟሪ ሆኑ፤ ከለመዱት በኋላ ሳንቲሙ ለቤቱ አስፈለገ፤ በሩ ሲከፈት አልተመለሱም። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሌላው ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ወደሚቀጥለው ክፍል ስለተዛወረ፣ ከተመለሱትም መካከል ያልተማሩትን ትምህርት ተሸክመው እስከ ዛሬ የሚሄዱ አሉ። በትግራይ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ወረርሽኙ ሳያልፍ ጦርነት ስለተጨመረባቸው፣ ለአብዛኞቹ በ2012 ዓ.ም. የተዘጋው በር መከፈት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። የ4ኛ ክፍል ልጅ የ7ኛ ክፍል ዕድሜውን ይዞ ተመለሰ፤ የተመለሰው።

አሁን ወደ ማርያም እንመለስ። ሕዝቡ የወጣው ርስት ሊወርስ ነበር። መንገዱ ረጅም፣ ምድረ በዳው ሞቃት፣ ስንቁ የዕለት መና ነበር። አንዲት ሴት ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ብትቆይ፣ ሌላው ቢጓዝና እርስዋ በኋላ ብትደርስ ምን ነበረበት? ከመካከላቸው «ስለ አንድ ሰው ይህ ሁሉ ሕዝብ ይቁም እንዴ?» ያለ ሳይኖር አይቀርም፤ ማጉረምረም ልማዳቸው ነበርና። ሆኖም ደመናው አልተነሣም፤ ድንኳኑ አልታጠፈም። ለይቶ ያስቀመጣት እግዚአብሔር ጥሏት አልሄደም። በዚህ ምዕራፍ መለየትና መጠበቅ አንድ ትእዛዝ ናቸው። አንዱን ብቻ የፈጸመ ግማሹን ፈጽሟል።

በእኛ አገርም ሆነ በሌላው ዓለም ክርክሩ ሁሉ በመጀመሪያው ግማሽ ላይ አለቀ። ይዘጋ ያሉትም ይከፈት ያሉትም የተከራከሩት ስለ በሩ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ሰፈሩ ተነሥቶ ተጓዘ። ማርያም ግን ገና ውጭ ነበረች። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያስታውቅ ስለ ወረርሽኙ መነጋገር ቀረ፤ ያልተመለሱትን ልጆች የሚያነሣም ጠፋ። «ልጆቻችን እንዳይሞቱ ይዘጋ» ያሉት አባትና «ልጆቻችን እንዳይባክኑ ይከፈት» ያሉት እናት ሁለቱም ልጅ ወዳዶች ነበሩ። የሚያገናኛቸውም ይህ ነበር፤ በቀረው ልጅ ጉዳይ ላይ መክረው ቢሆን ኖሮ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። አሁንም ጊዜው አላለፈም፤ እነዚያ ልጆች እኩዮቻችን ናቸውና።

በዚህ አጥቢያ ስንት እንደሆኑ በትክክል አልቈጠርንም። ግን እናውቃቸዋለን። ከእኛ ጋር በ6ኛ ክፍል ተቀምጦ የነበረ፣ ዛሬ የታክሲ ረዳት ሆኖ ሳንቲማችንን የሚቀበለን አለ። የፊደል ገበታ ያስያዘችን፣ ኋላ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ የሄደች እኅት አለች። «ደብዳቤ አንብቡልኝ» ለማለት የሚያፍር፣ መዝሙር ሲዘመር መጽሐፉን ገልጦ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ በመካከላችን አለ። ስሙን አንጽፍም። የጎኑ ጓደኛው ያውቃል።

የማታ ትምህርት ለመመዝገብ ቢሄዱ የመጨረሻ ካርዳቸውን ይጠየቃሉ፤ ካርዱም ጠፍቷል ወይም ከቀድሞው ትምህርት ቤት ማውጣት ያስቸግራል። ይህን ለማስጨረስ አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስም ይኖርበታል። ከመካከላችን መምህራን የሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ የቀበሌ ቢሮ አሠራር የሚያውቁ አሉ።

ስለሆነም የወጣት ክፍላችን ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በአዳራሹ ንባብና ሒሳብ ያስጠናል። ለመምጣት ዕድሜ አይጠየቅም፤ ያቋረጠበት ምክንያትም አይጠየቅም። የሚመጣው ሰው በአዳራሹ ፊት ለፊት ባለው በር ለመግባት ቢያፍር የኋላው በር ክፍት ይሆናል። የ3ኛና የ4ኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ በቤታችሁ ያላችሁ አምጡልን፤ ያሉን አራት ብቻ ናቸው፣ ከአንዱም የመጀመሪያው ገጽ ተቀድዷል። ጠመኔ ተገዝቷል። ሰሌዳውን ከዕቃ ቤት አውጥተን ከግድግዳ ጋር የምንሰቅለው ዓርብ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ስለሆነ፣ ጉልበት ያላችሁ ቅሩልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።