ሸክሙን የያዘው ማን ነው?

የበግ የኋላ እግር ጉልበቱ ላይ ሲፈታ፣ የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነ፣ ነጭነቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ይታያል። ልም አጥንት ነው፤ ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሉታል። ገና እርጥብ ሳለ በአውራ ጣት ጥፍር ድንገት ቢጫኑት አይበገርም። ጥፍሩን ሳያነሱ አጥብቀው ቢያቆዩት ግን ቀስ በቀስ ይሰረጉዳል። ሲለቁትም ስርጉዱ ወዲያው አይጠፋም፤ እርጥበት ካላጣ ቆይቶ ይሞላል። ታዲያ ይህ ነገር ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ?

ጥያቄው የሚያስቸግረን ጥንካሬን አንድ ነገር በራሱ ይዞት የሚኖር ሀብት አድርገን ስለምናስብ ነው። ድንጋይ ጥንካሬ አለው፣ ሰም የለውም፤ በቃ። እንዲህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ለዕለት ኑሮ ይበቃ ይሆናል። ልም አጥንት ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል፤ የተሰናከለበትን ቦታ ቀረብ ብሎ ማየት የሚያስፈልግ ይመስለኛል።

ከልም አጥንት ክብደት ከ65 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው የኮላጅን መረብና በመረቡ ውስጥ የታጨቀ አግሪካን የሚባል ግዙፍ ሞለኪውል ነው። በአግሪካን ላይ የተደረደሩት የስኳር ሰንሰለቶች ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው። ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉ፤ በዚያ ላይ እንደ ሶዲየም ያሉ ፖዘቲቭ አዮኖችን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ አዮን በበዛበት ደግሞ ውሃ ይገባል። አግሪካኑ ለማበጥ ይታገላል፣ ኮላጅኑ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ጉልበቱ ምንም ሳይሸከም እንኳ፣ ልም አጥንቱ ውጥር ነው።

ሰውየው ተነስቶ ሲቆም ውሃው መውጫ ይፈልጋል። የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን በናኖሜትር የሚለካ ነው፤ ቶሎ ልውጣ ቢል አይችልም። ተይዞ የቀረ ውሃ ደግሞ አይጨመቅምና የተጫነውን ይመክታል። በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች አብዛኛውን ሸክም የሚያነሳው ይኸው ውሃ ነው፤ ድርሻው ከ90 በመቶ በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ጫናው ሳይነሳ ሲቆይ ውሃው ጥቂት በጥቂት ይወጣል፣ ሸክሙም ወደ መረቡና ወደ አግሪካኑ ይዛወራል። በእግር ስንሄድ ግን አንዱ እርምጃ ውሃው ሳይወጣ ያልቅና ሌላው ይተካል። ድንገተኛውን ጥፍር የመለሰውና ለዘገየው ጥፍር ቦታ የለቀቀው ያው አንድ ቁስ ነው፤ የተለየው ጊዜው ብቻ ነው።

ፈላስፋው ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. 1690 የሚል ቀን ባለበት፣ ስለ ሰው ልጅ ግንዛቤ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ፍሎረንስ ላይ ተደረገ ሲባል የሰማውን አንድ ሙከራ ይተርካል። ውስጡ ባዶ የሆነ የወርቅ ሉል ውሃ ሞልተው፣ አጥብቀው ደፍነው፣ በመጭመቂያ ይጫኑታል። ውሃው እምቢ ብሎ በወርቁ ቀዳዳዎች እንደ ጤዛ ወጣ። ሎክ ከዚህ ተነስቶ ሁለት ነገሮችን ለየ፦ ቦታን ይዞ ሌላውን አለማስገባት የውሃም የአልማዝም እኩል ጠባይ ነው፤ ጥንካሬ የምንለው ግን የክፍሎቹ መያያዝ ነው፣ እሱንም የምንመዝነው በገዛ ገላችን ነው። ይህን ልዩነት ከልቤ እቀበለዋለሁ። ሆኖም ሎክ ያላነሳው ጥያቄ አለ፦ ውሃው ለመውጣት ስንት ጊዜ ፈጀበት? በጉልበታችን ውስጥ ዋናው ጉዳይ ያ ነው።

ተመራማሪው ቫን ሞውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ልም አጥንትን ጠጣርና ፈሳሽ ተደባልቀው እንደሚሸከሙት ነገር አድርጎ የሚያሰላ ንድፈ ሐሳብ አወጡ። በ1991 አዮኖቹ ሦስተኛ ሆነው ገቡ። በስሌቱ ውስጥ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ውሃው በጠጣሩ መካከል ሲያልፍ የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው። ፍትጊያው የውሃው አይደለም፣ የመረቡም አይደለም፤ ፍሰቱ ሲቆም እሱም የለም።

ከዚህ ፍሰት ኤሌክትሪክም ይመጣል። ሲጫን የሚወጣው ውሃ ፖዘቲቭ አዮኖችን ይዞ ይሄዳል፤ ኔጌቲቭ ቻርጆቹ ግን ከአግሪካኑ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። በዚህ መለያየት በሚሊቮልት የሚለካ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ልም አጥንት ነርቭም የደም ሥርም የለውም። ሕዋሶቹ ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዱም በየጎሬው ለብቻው ተቀምጧል። ያም ሆኖ ጫናውን ያውቃሉ፤ ዝም ብሎ በቆመ ጫና ሥር አግሪካን መሥራት ይቀንሳሉ፣ እየመጣ በሚሄድ ጫና ሥር ግን በተገቢው መጠንና ፍጥነት ከሆነ ይጨምራሉ። በጄሶ ታስሮ የከረመ ጉልበት ልም አጥንቱ የሚሳሳው ለዚህ ነው። ታዲያ የጫናውን መልእክት ለሕዋሶቹ የሚያደርሰው ቮልቴጁ ነው?

እንዲያ ማለት ያጓጓል፤ ኤሌክትሪክ ስንሰማ ነርቭ ትዝ ይለናልና። እኔ ግን መልእክት የሚባለው ነገር ከበድ ያለ መስፈርት እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ተቀባዩ ጠባዩን የቀየረው በዚያ ነገር ምክንያት መሆኑ፣ አብሮት በመጣ በሌላ ነገር ምክንያት አለመሆኑ መታወቅ አለበት። ልም አጥንት ሲጫን ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይመጣል፦ ግፊቱ፣ ፍሰቱ፣ የአዮኖቹ መጠን፣ የአሲድነቱ ለውጥ፣ የሕዋሱ ቅርጽ መጉበጥ፣ ቮልቴጁ። አንዱን ብቻ ነጥሎ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ማቆየት እጅግ ከባድ ነው፤ የሚነጣጠሉ ነገሮች ስላልሆኑ። ለሸክሙ አንድ ተሸካሚ ፈልገን እንዳጣን ሁሉ፣ ለመልእክቱም አንድ መልእክተኛ ስንፈልግ የምንሳሳት ይመስለኛል።

ሸክሙን አንዱ ብቻውን እንደማይሸከመው መጋጠሚያ ሲታመም የሚሆነው ያሳያል። በኦስቲዮአርትራይተስ መጀመሪያ ላይ አግሪካን ይመናመናል፣ የኮላጅኑ መረብ ይላላል። መረቡ ሲላላ የሚገርመው ውሃው መብዛቱ ነው፤ ልም አጥንቱ ከጤነኛው የበለጠ ውሃ ይይዛል። የመሸከም አቅሙ ግን ይወርዳል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ውሃው በቀላሉ ያመልጣልና። ቻርጁም ስለቀነሰ በሚጫንበት ጊዜ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል፤ ላይ ላዩን ግን ገና ልሙጥ ሆኖ ሊታይ ይችላል።