ስለ አቤሜሌክ መታመን

ትንቢተ ኤርምያስን ያነበበ ሰው ሁሉ ነቢዩን ከጕድጓድ ያወጣውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አቤሜሌክን ያውቀዋል። ታሪኩ በ38ኛው ምዕራፍ ተጽፏል፤ የተሰጠው ተስፋ ግን ተለይቶ በ39ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ይገኛል። ሁለቱን አቀራርቦ ለሚያነብ ሰው አንድ አስቸጋሪ ነገር ይገጥመዋል። ሥራውን የሚተርከው ምዕራፍ ስለ ሃይማኖቱ አንዲት ቃል እንኳ አያነሣም፤ ተስፋውን የሚናገረው ምዕራፍ ደግሞ ስለ ገመዱና ስለ ጕድጓዱ ዝም ይላል። የሚድነው ነቢዩን ስላወጣ ነው አይልም፤ በእግዚአብሔር ስለ ታመነ ነው ይላል እንጂ። እንግዲህ ይህ ሰው በእግዚአብሔር የታመነው መቼና በምን ነገር ነው?

ዘመኑ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከቦ ያስጨነቀበት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ወይም በ586 ዓመት ከተማይቱ ከመፍረሷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ኤርምያስ በከተማው የሚቀር እንዲሞት፥ ወደ ከለዳውያን የሚወጣ ግን በሕይወት እንዲኖር ይናገር ነበር። መኳንንቱም ይህ ሰው የወታደሩን እጅ ያደክማልና ይሙት አሉ። ክሳቸው የሞኝ ክስ አይደለም፤ በጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለውን ቃል ዝም ብሎ የሚሰማ የጦር አለቃ በየትም አገር አይገኝም። ሴዴቅያስም እኔ እናንተን ለመከልከል አልችልም ብሎ አሳልፎ ሰጣቸው። ጲላጦስ ቢያንስ ውኃ አስመጥቶ ነበር፤ ሴዴቅያስ ግን እጁን የሚታጠብበት ውኃ እንኳ አላስፈለገውም። ነቢዩንም ውኃ በሌለበት፥ ጭቃ ብቻ ባለበት ጕድጓድ በገመድ አወረዱት።

አቤሜሌክ ይህን የሰማው በንጉሡ ቤት ሳለ ነው። ስሙ በዕብራይስጥ የንጉሥ አገልጋይ ማለት ስለ ሆነ፥ ይህ የሹመቱ መጠሪያ ይሁን እናቱ ያወጣችለት ስም ለይቶ መናገር አይቻልም። ዕብራይስጡ ኩሻዊ ይለዋል፤ ሰባው ሊቃናት ኢትዮጵያዊ ብለው ተረጐሙት፤ ኩሽም ከግብፅ በስተደቡብ ላለው አገር የተሰጠ ስም ነው። በማናቸውም መንገድ ባዕድ ነው፤ ዘመድ የለውም፤ ጃንደረባ ነውና ልጅም የለውም። ንጉሡ በዚያን ጊዜ በብንያም በር ተቀምጦ ነበር። አቤሜሌክ ማታ በእልፍኝ እስኪያገኘው ድረስ አልቆየም፤ ሕዝብ ወደሚያልፍበት በር ወጥቶ እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ሁሉ ክፉ ነው፥ በከተማውም እንጀራ ስለሌለ በራብ ይሞታል ብሎ ተናገረ። የተናገረው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ከሕግም ከነቢያትም የጠቀሰው ቃል የለም።

ንጉሡም ሠላሳ ሰዎች ይዞ እንዲሄድ አዘዘው። እዚህ ላይ መጽሐፉ ታላላቅ ነገሮችን በአጭሩ እያለፈ ስለ ቡትቶ በሰፊው ይናገራል። አቤሜሌክ ከግምጃ ቤቱ በታች ካለው ስፍራ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ወስዶ በገመድ አወረደለት፤ ገመዱ እንዳይሸረክተውም በብብቱ ሥር አድርገው አለው። ለማውጣት ገመዱ ብቻ ይበቃ ነበር። ከተማ በተከበበበት ቀን፥ መኳንንቱ በጠላትነት እያዩት፥ የአንድ እስረኛ ብብት እንዳይቈስል ማሰብ እኔን ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስደንቀኛል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የተስፋው ቃል ሌላው ክፍል የማይነግረንን አንድ ምሥጢር ይገልጥልናል፤ አቤሜሌክ ይፈራ ነበር። እግዚአብሔር በሚፈራቸው ሰዎች እጅ እንዳይሰጠው ነው ተስፋ የሰጠው። የፈራው መኳንንቱን ነው የሚሉ አሉ፥ ከለዳውያንን ነው የሚሉም አሉ፤ ለእኔ መኳንንቱ ይመስሉኛል። ሴዴቅያስም በዚያው ምዕራፍ መፍራቱን በገዛ አፉ ተናግሯል። ሁለቱም ፈሪዎች ነበሩ፤ የንጉሡ ፍርሃት ግን ዙፋኑ ላይ አሰረው፥ የጃንደረባው ፍርሃት ከእርሱ ጋራ እስከ ብንያም በር ሄደ።

ይህ የተፈጥሮ ርኅራኄ ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም የሚል ይኖራል። ርኅራኄማ ንጉሡም ነበረው፤ ሲለምኑት ወዲያው መፍቀዱ ያስረዳል። ነገር ግን ሌላ ሰው እስኪናገር ይጠብቅ ነበር። አቤሜሌክ ግን ከተፈረደ በኋላ፥ በሚፈራቸው ሰዎች ፊት፥ የሚደግፈው ወገን ሳይኖረው ተናገረ። የሚያድነውን ሰው በከተማው አላየም፤ እንዲህ ሲሆን የተደገፈው በማን ነው? እግዚአብሔር ያንን መደገፍ መታመን ብሎ ጠራው፤ አቤሜሌክ ራሱ ምን ብሎ እንደሚጠራው ባያውቅ እንኳ።

የኦሪት ሕግ ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። በትንቢተ ኢሳይያስ 56ኛ ምዕራፍ ግን ለጃንደረባው ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ተስፋ ተሰጥቷል። የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ሲያነብ የተገኘው 53ኛውን ነበር፤ ጥቂት ገጽ ቢገልጥ የራሱን ነገር ያገኝ ነበር።

ስለ ስም ካነሣን፥ ኤርምያስን ከከሰሱት መኳንንት የሁለቱ፥ የሰሌምያ ልጅ ዮካልና የጳስኮር ልጅ ጎዶልያስ፥ ስማቸው የተቀረጸበት የሸክላ ማኅተም በኢየሩሳሌም ቁፋሮ ተገኝቷል፤ የመጀመሪያው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005፥ ሁለተኛው በ2008። ከአቤሜሌክ ዘንድ እንዲህ ያለ ቅርስ አናውቅም።

የተሰጠውም ዋጋ ሀብት ወይም ሹመት አይደለም። ነፍሱ እንደ ምርኮ ትሆንለታለች ተባለ፤ ለባሮክም በ45ኛው ምዕራፍ የተሰጠው ይኸው ነው። ከጦርነት ባዶ እጁን የሚመለስ ወታደር ምርኮው የገዛ ሕይወቱ ብቻ ይሆናል፤ ያገለገለው ቤት ተቃጠለ፥ ጌታውም በሪብላ ልጆቹ በፊቱ ታርደው ዓይኑ ጠፍቶ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው ተረፈ ባሮክ ይህን ያወቀ ይመስላል። በዚያ ኤርምያስ ቸር ያደረገለት ይህ ሰው የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ ይለምንለታል። አቤሜሌክም በለስ ሊያመጣ ተልኮ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኛ፤ 66 ዓመትም አለፈ። ሲነቃ ጥቂት ያሸለበ መስሎት ወደ ከተማ ገባ፤ መንገዱንም ቤቱንም ማወቅ ተሳነው፤ ተመልሶ ወጥቶ አንድ ሽማግሌ ይህች ከተማ ማን ናት ብሎ ጠየቀ። በሙዳዩ ያለው በለስ ግን ገና ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር።