የዳቦ ጋጋሪው ፌሬት

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ በአንዲት የከሰል ቆፋሪዎች መንደር በፌሬት ጥንቸል የሚያድኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ፌሬት ሙጭልጭላ የምትመስል ለማዳ እንስሳ ናት፤ ጉድጓድ ውስጥ ሾልካ ገብታ ጥንቸሉን ታስወጣለች። ሽማግሌው ግልገሎቻቸው 8 ሳምንት ሲሞላቸው አንዷን ለጎረቤታቸው ለከሰል ቆፋሪው፣ አንዷን ለዳቦ ጋጋሪው ሰጡ።

ቆፋሪው ድሃ ነው፤ ከማዕዱ የሚተርፍ የለውም። ሥጋ ሻጩ የሚጥለውን የዶሮ አንገት፣ ልብና ጉበት፣ ሲገኝም የጥንቸል ጭንቅላት እየለመነ አበላት። ጋጋሪው ግን ቸር ነበር። ከምድጃ የወጣ ነጭ ዳቦ በወተት አርሶ፣ ስኳር ነስንሶ ያቀርብላታል። ደግሞም የአገሩ ልማድ ነው፤ ሥጋ የለመደች ትናከሳለች ይሉ ነበር። ዳቦ ከሥጋ መርከሱም ልማዱን ሳያቆየው አልቀረም።

ወር ሳይሞላ የጋጋሪውን ግልገል ተቅማጥ ያዛት፤ ጸጉሯ ደበዘዘ፣ ጎኗ ገባ። ጋጋሪው ወደ ሽማግሌው ይዟት ሄደ።

«አባባ፣ በሽተኛዋን መርጠው ሰጡኝ!»

ሽማግሌው አፏን በሁለት ጣት ከፈት አደረጉ። «እየው፣ መቀስ ነው እንጂ ወፍጮ አይደለም። አንጀቷም አጭር ነው፤ የዋጠችው በ3 ወይ በ4 ሰዓት ያልፋል። ዳቦህ መች ይፈጫል? ወተቱማ አንጀቷን ያጥበዋል።» የዛሬ የእንስሳት ሐኪሞችም ለምታድግ ፌሬት የሚመክሩት ከዚህ አይርቅም፦ ከሥጋ የተገኘ፣ ፕሮቲኑ ቢያንስ 30 በመቶ የሆነ፣ ስብ ያልጎደለው ምግብ።

ጋጋሪው አፍሮ ምርጥ ጉበት ገዛላት። አሸተተችና ፊቷን ወደ ዳቦው አዞረች። በማግስቱ እየሮጠ መጣ። «ይኸው አባባ! የሚስማማትን እሷው ታውቃለች!»

«የምታውቀው አንተ ያስለመድካትን ነው።»

እውነት ነው፤ ፌሬት በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልቀመሰችውን ኋላ በቀላሉ ምግብ አትለውም።

«እንግዲያው ላስርባት፤ ሲብስባት ትበላለች።»

ሽማግሌው የተቆጡት ይሄኔ ነው። «በየጥቂት ሰዓቱ ሆዷ ባዶ የሚሆን ሕፃን ታስርባለህ? ላጠፋኸው አንተ፣ ተቀጪዋ እሷ?»

ወተቱን ተወ። ዳቦውን በሥጋ መረቅ ያርስ ጀመር፤ የደቀቀ ጉበት በጣቱ እያስላሰ፣ ሥጋውን ጥቂት በጥቂት እያበዛ፣ ዳቦውን እየቀነሰ። ሊጥ ያቦካል፣ እጁን ይታጠባል፣ ተመልሶ ያስልሳታል። ጣቱ መነከሱ አልቀረም። ሥራው አሰልቺ ነበር፤ ቸርነቱን ለማሳየትም አይመች።

ዳቦው ከሳህኗ ጨርሶ የጠፋ ሰሞን ጋጋሪው ከሥጋ ሻጩ በር፣ ከቆፋሪው ኋላ ተሰልፎ የዶሮ አንገት ይጠብቅ ነበር። የቆፋሪው ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ ማታ ማታም ምን እንደሚበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው።