ጠያቂን አናሳፍር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በየመስጂዱ ደርስ ላይ ጀማሪ ሲጠይቅ «ይህ ስንት ጊዜ ተጠየቀ?» የሚል ድምፅ መስማት ተለምዷል። አነጋገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም።

የሰሜን ሸዋን ደጋ እንውሰድ። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በመንዝና በግሼ ደጋ በበጋው ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ለሱብሒ የተቀዳው ውሃ እጅ ይቆርጣል። በዚያ አገር ሶላት የጀመረ ሰው ሁሉ ስለ ብርዱ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

በግሼ በኩል ሳልፍ አንድ ጎልማሳ ይህንኑ ሲጠይቅ ሰማሁ፤ እግር ሳይታጠቡ በኹፍ ላይ ማበስ ይበቃ እንደሆነ፣ ጀናባ የሆነ ሰውስ ምን እንደሚያደርግ። ከፊት የተቀመጡት ደረሶች ተያይተው ሳቁ። አንዱም «ባለፈው ሳምንት ተነግሯል» አለው። ሰውየው ባለፈው ሳምንት አልነበረም። ጋቢውን ተከናንቦ ዝም አለ፤ መልስም ሳያገኝ ሄደ።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ለእኛ መቶኛ የሆነው ጥያቄ ለእርሱ የመጀመሪያው ነው።

አቡ ዳውድ የዘገቡትን እናስታውስ። በጉዞ ላይ ራሱን የተፈነከተ አንድ ሰው ጀናባ ሆነና ተየሙም ይፈቀድለት እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። እነርሱም ውሃ እያለ አይፈቀድም አሉት። ታጠበና ሞተ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡ፤ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ልብ በሉ፤ የተቆጡት በጠያቂው ላይ አልነበረም፤ ሳያውቁ በመለሱት ላይ ነው። እኛ አሳፍረን የሸኘነው ሰው ነገ የሚጠይቀው እንደነዚህ ያሉትን ነው።

ዐምር ኢብኑል ዓስ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርዳማ ሌሊት ጀናባ ሆኑ። ቢታጠቡ እንዳይሞቱ ሰግተው በተየሙም አሰገዱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምክንያታቸውን ጠይቀው ሲረዱ ሳቁ እንጂ አልነቀፏቸውም።

ለመሆኑ ያ ጎልማሳ የተከለከለው መልስ ምን ያህል ረጅም ነበር? በውዱእ ላይ የተጠለቀ የቆዳ ኹፍ ላይ ነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ መንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቶቹ ያብሳል። ለጀናባ ግን ማበስ አይበቃም፤ ውሃው ይሞቃል። ማሞቂያ ታጥቶ ውሃው ጉዳት ያመጣል ተብሎ ከተፈራ ተየሙም አለ። ዝርዝሩን ኡስታዞች ይንገሩን፤ የመልሱ ፍሬ ነገር ግን ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

«ደርሱ ወደ ኋላ ይጎተታል» የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። መፍትሔው ግን ማሳፈር አይደለም። ከደረሶች አንዱ ከደርሱ በፊት ጀማሪዎችን ይቀበል። ዘወትር የሚጠየቁት ነገሮች በአማርኛ ተጽፈው ውዱእ ማድረጊያው ዘንድ ይለጠፉ። «ኪታቡን አንብብ» ማለትም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መጀመሪያ መልሱን ሰጥቶ፣ ቀጥሎ ኪታቡን ማሳየት ነው አደቡ።

ጠያቂም አደብ አለበት። የተለጠፈውን ያንብብ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ያዳምጥ፣ ለመፈተን ወይም ለክርክር አይጠይቅ። የተማረውንም ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ያስተላልፍ።

ጂብሪል (ዐ.ሰ) በሰው አምሳል መጥተው ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማንና ስለ ኢሕሳን የጠየቁት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ በዙሪያው የተቀመጡት እንዲማሩ ነው። እንግዲህ የዲኑ መሠረት ለሶሓቦች የተብራራው በጥያቄ ከሆነ፣ የጀማሪን ጥያቄ የምንንቅ እኛ ማን ነን?

አላህ ጠያቂን የማናሳፍር፣ ሳናውቅም የማንመልስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።