ታንኳ ቆሞ ያድራል

ጣና ዳር ታንኳ ቆሞ ነው የሚያድረው። ባለቤቱ ማታ ከውኃ ጎትቶ ያወጣውና አንድ ጫፉን መሬት አስይዞ ዛፍ ወይም ግድግዳ ላይ ያስደግፈዋል። ቀኑን ሙሉ የጠጣው ውኃ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያድራል። ጎርጎራ ላይ አመሻሽቶ በባሕሩ ዳር የሄደ ሰው አይቶታል፤ ከሩቅ ሲታዩ ጋቢ የተከናነቡ ረጃጅም ሰዎች ይመስላሉ።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ያው ስፖንጅነቱ ግን ውኃ ያስጠጣዋል። ውኃ የጠጣ ታንኳ ይከብዳል፣ ካላደረቁት ደግሞ ይበሰብሳል። በደንብ ቢያዝ እንኳ ዕድሜው ቢበዛ ጥቂት ወራት ነው። ከዚያ ሌላ ደንገል ይታጨዳል፣ ሌላ ታንኳ ይታሰራል። ስለዚህ ጣና ዳር ሄዳችሁ «ይሄ የአያቴ ታንኳ ነው» የሚላችሁ ሰው አታገኙም። የአያቱን አስተሳሰር ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያስራል።

ታንኳን ከልቤ እንዳስብበት ያደረገኝ ሚኒሶታ ያለ ካያክ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ነው የሚኖረው፤ በቪዲዮ ደውሎ ቤቱን ሲያስጎበኘኝ ጋራዡ ጋ ደረሰ። (እኛ አገር ጋራዥ ሲባል ሰው የሚያስበው ግሪስ የጠገበ ቱታ የለበሰ መካኒክ ነው። እነሱ ጋ የመኪና ማደሪያ ክፍል ነው፤ መኪናዋ ግን ዕቃ ቦታዋን ስለያዘባት ደጅ ነው የምታድረው።) ካሜራውን ወደ ጣሪያው ሲያዞር ቢጫ ካያክ በሁለት ሰፋፊ ጠፍሮች ተንጠልጥሏል። ገመዱን በመዘውር ስቦ እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚያደርገው አሳየኝ። ፕላስቲክ ስለሆነ መሬት ላይ በአንድ ጎኑ ለወራት ከተቀመጠ ይጎብጣል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቀለሙ ይለቅና ይሰባበራል፤ ሐይቁ ደግሞ ለወራት በረዶ ነው። ሁሉም ምክንያት አለው።

«በዓመት ስንት ጊዜ ትቀዝፍበታለህ?» አልኩት።

ሳቀ። «አንድ ሁለቴ ከሆነማ ጥሩ ነው። ዋናው መኖሩ ነው።»

ዋናው መኖሩ ነው። ይቺ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ልጁን ልወቅሰው አይደለም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ጣሪያው ላይ አንድ የማይበላሽ ሐይቅ መኖሩ ምን እንደሚያደርግለት ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ከላይ ተሰቅሎ «ስላለ» ብቻ አለን ማለት ይቻላል ወይ?

ካያክን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የጋራዥ ፈጠራ አይደለም። የካያክ ባለቤቶች ኢኑዊቶች ናቸው፤ የእነሱ ካያክ የእንጨት አጥንት ላይ የተወጠረ የባሕር እንስሳ ቆዳ ነበር። መሬት ላይ ካደረ ውሾች ይበሉታል። ስለዚህ በድንጋይ ወይም በእንጨት መቆሚያ ላይ ሰቅለው ያሳድሩታል። የሚሰቅሉት ነገ ለአደን ስለሚፈልጉት ነው። የሚኒሶታውም የጣሪያ ገመድ የዚያ መቆሚያ የልጅ ልጅ ነው፤ መሀል ላይ የወደቀው «ነገ» የምትለዋ ቃል ናት።

እኛም ቆጥ አለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ ተረቱ ግን ቆጡ ላይ ምን እንደነበረ አይነግረንም። ደምቢያ ያሉ ዘመዶቼ ቤት ለዘር የተለየ በቆሎ ከነሽፋኑ ተጠላልፎ ከምድጃው በላይ ይንጠለጠላል፣ ጭሱ ነቀዝ እንዳይደፍረው ይጠብቀዋል። ልጅ ሆኜ አንዱን ዛላ ለመጥበስ ባወርድ ያየችኝ ሴት ሁሉ ትጮህብኝ ነበር። ያ በቆሎ የተሰቀለው ክረምት ሲገባ ሊወርድና አፈር ውስጥ ገብቶ ሊጠፋ ነው። እዚያው ላይ ቢቀር ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነካ አለ ማለት እንችላለን፤ ዘርነቱ ግን የለም።

ፍልስፍና የተማራችሁ የቴሴዎስን መርከብ ታውቁታላችሁ። አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ ጠብቀው አቆዩት፣ የበሰበሰውን ጣውላ እየነቀሉ በአዲስ ተኩ፤ ሁሉም ጣውላ ከተቀየረ በኋላ ያው መርከብ ነው ወይ ብለው ፈላስፎች ተከራከሩ። ይሄን ጥያቄ ለታንኳ ሠሪ ብታቀርቡለት የሚገርመው ይመስለኛል። መርከቡ ያው ነው አይደለም የሚለው የሚያስጨንቀው አንዱን ዕቃ ማቆየት ለሚፈልግ ሰው ነው። ጃፓኖች ኢሴ የሚባለውን ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ አዲስ አድርገው ይሠሩታል፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር፤ እንጨቱ አዲስ ቢሆንም ቅርሱ ጥንታዊ ነው ይላሉ። እነሱ ግን አናጺዎቻቸውን ያከብራሉ። የእኛ ጉዳይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

በጣና ታንኳ ሲነሳ አብሮ ስሙ የሚነሳው ነገደ ወይጦ ነው። ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ከእነሱ ጋር በአንድ ማዕድ አለመቅረብ ለትውልዶች የቆየ ልማድ ነው፤ «ድሮ ነው» ብለን የምንዘጋው ጉዳይም አይደለም። ታንኳውን ግን እንወደዋለን። ፎቶው በየፖስት ካርዱ አለ፣ ትንንሽ ሞዴሉ በየስጦታ ዕቃ ሱቁ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ወይጦዎች ቋንቋ ጽፏል። ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ነው ይላል። ሊመዘግበው ፈልጎ ንጉሡን ለመነና ሁለት ወይጦዎች ተጠርተው መጡ። ሰዎቹ ግን አንዲት ቃል አልሰጡትም፤ ትሰቀላላችሁ ተብለው እንኳ አልመለሱም።

መስቀል። አማርኛ ሰውንም ዕቃንም የሚሰቅለው በአንድ ግስ ነው። ያ ቋንቋ ዛሬ የለም፣ ወይጦዎች የሚናገሩት አማርኛ ነው። የቋንቋ ተመራማሪ ይህን ሲያነብ ምናለ ያኔ ሃያ ቃል እንኳ በሰጡት ብሎ ይቆጫል፤ እኔም ይቆጨኛል። ግን በአንድ ማዕድ የማይቀርቧቸውን ሰዎች፣ ቋንቋቸውን እንዲያስመዘግቡ ማስገደድ ምን የሚሉት ጥበቃ ነው? መዝገቡ ላይ ቢቀር «አለ» እንል ነበር፤ የአክስቴ ልጅ እንዳለው፣ ዋናው መኖሩ ነው።

ደንገሉም ላይ ተመሳሳይ ነገር አያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ሊሻገር ሲነሳ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነው፤ ያሰሩት ደግሞ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ያቺ ራ የተባለች ጀልባ መንገድ ላይ ተበላሽታ ተተወች። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛዋ ባርቤዶስ ደረሰች፣ ዛሬም ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ በጣሪያ ሥር ደርቃ ተቀምጣለች። ደንገል ስናስብ ዓለም የሚያውቀው ታሪክ ይሄ ነው፤ ጣና በእሱ ውስጥ ሣር አቅራቢ ነው።

ጎርጎራ ላይ አንድ አዛውንት ታንኳ ሲያስሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። «አባባ፣ ለሆቴል ግድግዳ ታንኳ ቢያዙዎት ይሠራሉ?» አልኳቸው።

«ለምን አልሠራም ልጄ? ለሚሰቀል ከሆነ ቀጭን አድርጌ አስረዋለሁ። ሰው አይቀመጥበት፣ ምን አደከመኝ።»

ሳይስቁ ነው ያሉት። ሊሰቀል የሚታሰር ታንኳ ሌላ ዕቃ ነው። ጥብቀቱ፣ ውፍረቱ፣ ሁለቱ ጫፎች የሚነሱበት ልክ፣ ሁሉም የሚመጣው ሰው ከነአሳው ስለሚቀመጥበት ነው። ክብደቱን ካነሳችሁለት እጁም ቀስ በቀስ ይረሳል።

እንግዲህ ቀጣዩ ሐሳብ «ስለዚህ ወጣቱ ታንኳ መቅዘፉን ይቀጥል» የሚል ሊሆን ነው፣ እዚህ ጋ ግን ቆም እላለሁ። ከአዛውንቱ ጎን የነበረው ወጣት ቆሮሶና አምባዛ እያጠመደ የሚኖር ነው፤ ሞተር ያለው ጀልባ ባገኝ ነገውኑ ታንኳውን እተወዋለሁ ብሎኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣና እንዴት እንደሚሆን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ወገቡ ድረስ እየራሰ የሚውለውም እሱ ነው። ጎንደር ከተማ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዤ «ባህላችንን ጠብቅልን» ብለው፣ እኔ የምሰቅለው ካያክ የእሱ ጀርባ ነው። ታንኳው እንዲኖር የምፈልገው እኔ ከሆንኩ ዋጋውን እሱ ብቻ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

አዛውንቱን ስለ ልጁ ስጠይቃቸው አልተከፉም። «ይተወው። የቸገረው ቀን ይመለስበታል፣ እጁ ያውቃል። ደንገሉ ካለ ነዋ።»

ደንገሉ ካለ። ደንገሉ ደግሞ እየራቀ ነው፤ ውኃው በሸሸ ቁጥር ዳርቻው ይታረሳል፣ የሚያርሰውም ሰው መብላት ስላለበት ነው የሚያርሰው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ መጥቷል። ያን ቀን ጎርጎራ ላይ ስለ ታንኳ ጥበቃ ያነጋገርኳቸው ሰዎች አንዳቸውም ስለ ሙዚየም አላነሱልኝም። ያወሩኝ ስለ ዳርቻው ነው፦ የትኛው ጥግ ዘንድሮ እንደታረሰ፣ እንቦጩን ማን እንደሚነቅል፣ አንድ ሸክም ደንገል ለማጨድ አሁን ከየት እስከ የት መቅዘፍ እንደሚያስፈልግ።