«ሁልጊዜ» የምትለው ቃል

የሁለት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ድምር ሁልጊዜ ተጋማሽ ነውን? 3 እና 5 ሲደመሩ 8 ይሆናሉ፤ ይህ ግን ምሳሌ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማናቸውም ኢተጋማሾች 2ሀ + 1 እና 2መ + 1 ተብለው ይጻፋሉ፤ ድምራቸው 2(ሀ + መ + 1) ነው። እነሆ፣ ለሁለት ተካፈለ፤ «ሁልጊዜ» ማለት ተገባን።

ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ያመለከተውን ስሌት ደግሞ እንመልከት፦ ቁጥርን በራሱ ማባዛት፣ ያንኑ ቁጥር መቀነስ፣ 41 መደመር። ከ1 እስከ 40 ውጤቱ ሁሉ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ በ41 ግን 41 × 41 ይሆናል። አርባ ምስክር አላጸናውም፤ አንድ አፈረሰው።

እኛ ግን ወንድማችንን በሦስት ጥፋት «ሁልጊዜ ውሸታም ነው» እንላለን። እውነት የተናገረባት አንዲት ቀን ይህን ፍርድ ታፈርሳለች። ለቁጥር የምንጠነቀቀውን ያህል በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረው ሰው እንጠንቀቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።