በአንድ አትሮንስ ፊት ስለሚነሣ ክርክር

ሰው ከዕለት ሥራው ዐርፎ መንፈሱን ለማደስ ከሚሰበሰብባቸው ማኅበሮች አንዱ የዜማ ማኅበር ነው። አንዱ ክራር፣ አንዱ ዋሽንት፣ ሌላው ቫዮሊን ይዞ ይመጣል፤ ድምፁ ያማረለት ሊያዜም፣ ያላማረለት ሊሰማ ይመጣል። ሹሙና ተራው ሰው፣ ሀብታሙና ድኻው በአንድነት ይቀመጣሉ። ዳሩ ግን ሰው ወደ ማኅበሩ ሲገባ ጫማውን በደጅ እንደሚያወልቅ አሳቡንና ኀዘኑን በደጅ ሊተው አይችልም። አገሩን፣ ወገኑን፣ የሞተበትን ዘመድ፣ የፈረሰበትን ቤት በልቡ ይዞ ይገባል። ስለዚህ በዜማው መካከል የፖለቲካ ክርክር ይነሣል፤ ትናንት አብረው ያዜሙ ሰዎች ዛሬ ተኰራርፈው ይለያያሉ።

በዚህ ጊዜ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም «የተሰበሰብነው ለዜማ ነውና የፖለቲካ ነገር ከዚህ አይነሣ» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ይመስላል። ነገር ግን እውነተኛ ሰላም ያመጣልን? ወይስ ቍስሉን ሳያጥብ ይሸፍነዋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው።

ነገሩን በባዶ ቃል እንዳናየው በእውነት የተደረገውን እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በጀርመን አገር በዋይማር ከተማ እስራኤላዊው የኦርኬስትራ መሪ ዳንኤል ባሬንቦይምና ፍልስጤማዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሰዒድ ከእስራኤልና ከዓረብ አገሮች የመጡ ወጣት ሙዚቀኞችን ሰበሰቡ። ስሙን ባለቅኔው ጎተ በ1819 ዓ.ም. ካሳተመው የግጥም መጽሐፍ ወስደው ማኅበሩን «የምዕራብና የምሥራቅ ዲቫን» አሉት። ዋይማር ጎተ የኖረባት የጥበብ ከተማ ናት፤ በአጠገቧ ግን ቡኸንቫልድ የሚባለው የናዚዎች የሥቃይ ሰፈር ነበረ። ጥበብ ብቻውን ሰውን ከጭካኔ እንደማያድን ስፍራው ራሱ ይመሰክራል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የፖለቲካን ነገር አልከለከሉም። ወጣቶቹ ቀን ሙዚቃ ያጠኑ ነበር፤ ማታ ደግሞ ተቀምጠው ይነጋገሩና ይከራከሩ ነበር። ባሬንቦይም እንደ ተረከው፣ ከዚያ በፊት እስራኤላዊ አግኝቶ የማያውቅ አንድ የሶርያ ወጣት ከአንድ እስራኤላዊ ጋር ኖታ የሚዘረጋበትን አንድ አትሮንስ ተካፍሎ ተቀመጠ። ሁለቱም ያንኑ ድምፅ በእኩል ኀይልና በአንድ ዐይነት የደጋን አሳሳብ ለማውጣት አብረው ይደክሙ ጀመር። ሰዒድም ሌላ ነገር ተናግሯል። በመጀመሪያው ሰሞን አንድ የዓረብ ወጣት የዓረብን ሙዚቃ ከዓረብ በቀር ሌላ ሊጫወተው አይችልም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ከጥቂት ቀኖች በኋላ ግን ያው ወጣት ዓረብ ላልሆነው ለታወቀው የቼሎ ሊቅ ለዮ ዮ ማ፣ ቼሎውን በዓረብ ስልት እንዴት እንደሚቃኝ ሲያስተምረው ታየ።

እንግዲህ «ዜማ ጠላትን ወዳጅ ያደርጋል» ብለን ነገሩን እንዘጋለን? አይደለም። ይህማ እንዳይባል በ2006 ዓ.ም. በእስራኤልና በሊባኖሱ ሒዝቦላህ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከዓረብ አገሮች ወጣቶች አንዳንዶቹ ሳይመጡ ቀሩ። ማኅበሩንም ከሁለቱም ወገን የነቀፉት ብዙዎች ናቸው። ከተመሠረተ ከ25 ዓመት በላይ ቢሆነውም ጦርነትን አላስቀረም። ደግሞም ሳኦል በተጨነቀ ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደ ነበር እናውቃለን፤ ነገር ግን ያው ሳኦል በገናው በሚደረደርበት ሰዓት ጦሩን ወረወረበት። ዜማው ጭንቀቱን አስታገሠለት እንጂ ቅንዓቱን አልነቀለለትም።

ስለዚህ ከዜማ የማይገባውን አንጠብቅ። ዜማ ክርክርን አይፈርድም፤ በዳይና ተበዳይንም አይለይም። ነገር ግን ክርክር ሊማረው የሚገባውን አንድ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም የራስን ድምፅ ሳይተዉ የሌላውን መስማት ነው። በማኅሌት ቀኝና ግራ ፊት ለፊት ቆመው ሲያዜሙ ግራው ቀኝ እንዲሆን አይጠየቅም፤ አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል። ግራው ቀኙን ባይሰማ ግን መቼ እንደሚቀበል አያውቅም፤ የራሱም ዜማ ይጠፋበታል።

ከዚህ ተነሥተን የሽማግሌዎቹን ምክር እንመዝን። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ነገር ግን የወርቁን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ቤቱ ላልፈረሰበት ሰው ዝም ማለት ቀላል ነው፤ ቤቱ ለፈረሰበት ግን ሁለተኛ ሸክም ነው። ስለ ማኅበሩ ሰላም ሲባል የሆዱን በሆዱ ይዞ እንዲያዜም ይገደዳል። እንዲህ ያለው ሰላም በአንዱ ወገን ኪሳራ የተገዛ ነው።

በ2001 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። የጀርመኑ ሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ቫግነር አይሁድን የሚያዋርድ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ነው፤ ናዚዎችም ሙዚቃውን ያከብሩት ነበር። ስለዚህ በእስራኤል ሙዚቃው በአደባባይ እንዳይሰማ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ልማድ ሆኖ ነበር። ባሬንቦይም የተመደበውን ሙዚቃ ከፈጸመ በኋላ የቫግነርን ሙዚቃ ለመስማት ይወዱ እንደ ሆነ ተሰብሳቢዎቹን ጠየቀ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ጥቂቶች ተቈጥተው ወጡ፤ የቀሩት ተቀምጠው ሰሙ። የወጡት ሰዎች ጥበብን የማያውቁ አልነበሩም፤ ያን ዜማ ከሙታናቸው ለይተው ሊሰሙት የማይቻላቸው ነበሩ። የቈዩትም ሙታንን የናቁ አልነበሩም። ከመሰማቱ በፊት መነጋገራቸው ግን ተገቢ ነበር፤ የወጣው ሰው ቢያንስ ቃሉን ተናግሮ ወጥቷልና።

እንግዲህ በዜማ ወይም በሌላ መልካም ነገር ለተሰበሰቡ ሰዎች ሦስት ነገር ይገባል እንላለን። በመጀመሪያ፣ ለክርክር ጊዜና ስፍራ ይወሰንለት፤ ቀኑ ለዜማ፣ ማታው ለንግግር እንደ ሆነ። ክርክር ስፍራ ሲያጣ ሐሜት ሆኖ ይመለሳልና። ሁለተኛ፣ ተከራካሪው የሚሻው እውነትን ይሁን እንጂ ድልን አይሁን። የጓደኛውን ድምፅ ለማጥፋት በኀይል የሚመታ ሙዚቀኛ ጓደኛውን ከማሸነፉ በፊት ዜማውን ያበላሻል። ሦስተኛ፣ ማታ የተከራከረ ሰው ጧት ወደ አትሮንሱ ይመለስ።

ከሦስቱ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። አሳቡን ያልለወጠ፣ ኀዘኑም ያልቀለለለት ሰው ካልተስማማው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ያንኑ ገጽ ያነብባል። ይህን መመለስ ግን ማንም በማንም ላይ ሊያዝዘው አይችልም፤ ከሁሉ ይልቅ ያልተበደለው በተበደለው ላይ ሊያዝዘው አይገባም። ያልተበደለው ሰው ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ ቀድሞ መጥቶ በአትሮንሱ ፊት የጓደኛውን ስፍራ ባዶ አድርጎ መጠበቅ ነው።